ማንም ያላነሳቸው ሐዘንተኛ

እማማ ቦጋለች ማረፊያ ከገቡ ወራት አልፈዋል፤ የአልጋቸው ፍራሽ ግን ከሱቅ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። አጎበሩም ታጥፎ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። ጓዛቸው አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ እሱም አፉ እንደታሰረ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ክፍሉን ድንገት ከፍቶ ያየ ሰው፣ ዛሬ ደርሶ ነገ የሚሄድ መንገደኛ ያረፈበት ይመስለዋል።

እሳቸው ቀኑን የሚያሳልፉት ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ነው። አግዳሚ ወንበር አለ፤ አይቀመጡበትም። ግንዱን ተደግፈው፣ እግራቸውን አጥፈው፣ መሬት ላይ ይውላሉ። ሲመሽ ክፍላቸው ገብተው ከአልጋው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ኬሻ አንጥፈው ይተኛሉ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ ለብሰዋል። ከሻሹ ሥር ራሳቸው የተላጨ ነው፤ ጸጉሩ ብቅ ሲል ምላጭ ለምነው መልሰው ይላጩታል።

ማረፊያ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ስም ነው። የመንግሥት አይደለም፣ የነጋዴም አይደለም፤ ትርፍ የማይሻ ማኅበር ነው የሚያስተዳድረው። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን ሰዎች ያለ ኪራይ ያስጠጋል፣ ምሳ ያበላል፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ከኢታንግ የመጣ ኑዌር አለ፣ ከባሮ ዳር የመጣ አኙዋክ አለ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ አቦቦ የሰፈረ ደገኛ አለ። የባጃጅ ነጂዎች "ማረፊያ ነው ወይስ የመጨረሻ ማረፊያ?" እያሉ ይቀልዳሉ። ነዋሪዎቹ አይቀየሙም። "ይሄ ለጊዜው ነው፤ ዋናው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አለ" ብለው ይመልሱላቸዋል።

ከሁሉም በላይ ቀልደኛዋ ኛፑዎክ ናቸው፣ የእማማ ቦጋለች የግድግዳ ጎረቤት። ረጅምና ቀጭን የኑዌር አሮጊት ናቸው፤ ቤታቸውን የኢታንግ ጎርፍ ነው የወሰደው። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጡ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት።

"ማሌ፣ ቦጋለች!" ብለው በኑዌርኛ ሰላም ይላሉ በየጠዋቱ። "አንተ ዛሬም አፈር ላይ? ወንበር ምን አደረገህ? ነከሰህ?"

"ይመቸኛል፣ እህቴ።"

"አይመችህም። ቂጥህ ድንጋይ ሆነ።"

እማማ ቦጋለች አይስቁም፣ አይቆጡምም። የሰው ንግግር ሁሉ ከሩቅ ጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ራዲዮ ነው የሚሆንባቸው፤ ድምፁ አለ፣ ወሬው የሌላ ሰው ነው። ምሳ ሲመጣ ይበላሉ፤ ምን እንደበሉ ቢጠየቁ አያውቁም። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሌላው "ኧረ ተቃጠልን!" እያለ በውኃ የተነከረ ጨርቅ ራሱ ላይ ሲጥል፣ እሳቸው ጥቁራቸውን እንደተከናነቡ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን የፈላ ሻይ እግራቸው ላይ ተደፍቶ፣ ቆዳው ውኃ እስኪቋጥር አላወቁትም። ያየችው የግቢው ተንከባካቢ መሰረት ናት።

"እማማ! እግርዎ እኮ ተቃጥሏል!"

"እህ?" አሉ፤ ዝቅ ብለው የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አዩት።

ሐዘን ነው እንዳይባል፣ ሐዘንማ ያማል። ይሄ አያምም። ሰው ክንዱን ተጭኖት ሲተኛና ሲነቃ እንደሚሆነው ነው፤ የራሱ እጅ መሆኑን ዓይኑ ያየዋል፣ እጁ ግን አይታዘዘውም። እማማ ቦጋለች መላ ሰውነታቸው እንዲያ ሆኗል።

ቦጋለች ከወሎ የተነሱት ገና ልጅ እግር ሙሽራ ሳሉ ነው። በድርቁ ተረጂዎች መጠለያ ለሰፈራ ስማቸው ሲጻፍ፣ ባላቸው እንየው "የት ነው የምትወስዱን?" ብሎ ጠየቀ። "ለም መሬት" ተባለ። በጭነት መኪና ተጉዘው ተጉዘው ሲወርዱ፣ ለም መሬቱ ሣር ነበር፤ በሬ ቢገባበት ቀንዱ የማይታይ ሣር። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፣ ቁጥር እንጂ። ሰው "አገርህ የት ነው?" ሲባል ቁጥር ይናገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም እንደዚያው ናቸው።

በአንዱ ክረምት ወባ የበኩር ልጃቸውን ወሰደች። በሚቀጥለው ደግሞ ታናሹን። ያኔ ቦጋለች አልቅሰዋል፤ ደረታቸውን ደቅተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ። የመንደሩ ሴቶች በወጉ አብረው አለቀሱ፣ በወጉ አጽናኑ። ሦስተኛዋ ልጅ አደገችና አረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በዓል ሲመጣ ትደውል ነበር። አሁን አትደውልም።

እንየው ግን ነበረ። እንየው የአልዌሮ ግድብ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሟል፣ የሰው ጥጥ ለቅሟል፣ በመጨረሻም በቆሎና ሰሊጥ የሚዘራበት የራሱን ማሳ አቅንቷል። ከሸመገለም በኋላ ከማሳው ሲመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ "ቦጌ፣ አለሽ?" ይል ነበር። "የት እሄድልሃለሁ?" ይሉታል እሳቸውም። ሌላ ትልቅ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ ይኸው ነበር ፍቅራቸው።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ እንየው ትኩሳት ይዞት ሞተ። ቀብሩ ላይ ቦጋለች አላለቀሱም። ሴቶቹ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ሲሏቸው አፋቸው ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣም። "ደንግጣ ነው" አሉ ሴቶቹ። ራሳቸውን ላጯቸው፣ ከል አለበሷቸው፣ ኬሻ አንጥፈው መሬት ላይ አስቀመጧቸው።

እዚያ መንደር ወጉ የታወቀ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከተቀመጠችበት ኬሻ ራሷን አታነሳም። አልጋ ላይ አትተኛም፣ ወንበር ላይ አትቀመጥም፣ ከሉን አታወልቅም። አርባው ሲወጣ የዕድሩ ሴቶች ተሰብስበው ይመጣሉ። እግሯን ያጥቧታል፣ እጇን ይዘው "በቃሽ፣ ተነሽ" ይሏታል። "አልነሳም" ትላለች። ይጎትቷታል። ሁለቴ እምቢ ትልና በሦስተኛው ትነሳለች። ራሷን ያነሳች ሴት "ምን አይታ ነው የቸኮለች?" ተብላ ትታማለች። አንሱኝ ብሎ መለመን ደግሞ ከዚያም የባሰ ነውር ነው።

የእንየው አርባ ሳይደርስ የቦጋለች ዓይን አበጠ። የእንየው የወንድም ልጅ አሳፍሮ ወደ ጋምቤላ ሐኪም ቤት ላካቸው። ዓይናቸው ዳነ፤ ሲድን ግን መመለሻ ቤት አልነበረም። ጎጇቸውን ዝናቡ ጥሎታል፤ የወንድም ልጁ ቤት ሰው በሰው ላይ ነው የሚተኛው። የማረፊያ ሰዎች ሰምተው ወሰዷቸው። በዚህ መሐል አርባው አለፈ። ቦጋለች የዕድሬ ሴቶች ያለሁበት ይመጣሉ ብለው ጠበቁ። የዕድሩ ሴቶች ደግሞ "ለቅሶው የተቀመጠው እዚህ ነው፤ ስትመጣ እናነሳታለን" ብለው ጠበቁ። ሰማንያውም አለፈ። አንዱም ወገን አልሄደም፣ አንዱም ወገን አልላከም። ቦጋለችም እንደተቀመጡ ቀሩ።

በማረፊያ ያለ ሰው ነገሩን ከየት ይወቀው? መሰረት የከተማ ልጅ ናት፤ የምትሄደውም ጸሎት ቤት ነው። እነሱ ዘንድ የሞተ ሰው በመዝሙር ይሸኝና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ኛፑዎክ ደግሞ ጭራሽ በተገላቢጦሽ ነው የገባቸው። በእነሱ አገር ሐዘንተኛ ጸጉሩን ያሳድጋል እንጂ አይላጭም፤ የሚላጨው ሐዘኑ በቃ የተባለ ቀን ነው። የቦጋለችን የተላጨ ራስ ገና እንዳዩ "ይሄ ሰው ሐዘን ጨርሷል" ብለው ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ አፈር ላይ መቀመጡ ስንፍና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የማኅበሩ የጋምቤላ ኃላፊ አቶ ዕዝራ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግራቸው በር ላይ የሚለምናቸው ሰው ብዙ፣ ክፍላቸው ጥቂት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ከመሰረት ጋር ክፍሎቹን ሲያዩ ከቦጋለች ክፍል ደረሱ። ላስቲኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ፍራሽ ላይ ሰው ተኝቶ ያውቃል?"

"አያውቅም፣ ጋሼ። መሬት ነው የሚመቸኝ ይላሉ።"

አቶ ዕዝራ ወጥተው ከኒሙ ሥር ቁጢጥ አሉ።

"እማማ ቦጋለች፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቤቱ አልተስማማዎትም እንዴ?"

"ተስማምቶኛል።"

"ታዲያ አልጋው ላይ የማይተኙት፣ ዕቃዎንስ የማይፈቱት ለምንድን ነው? ልብዎ አቦቦ ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልከፋም። እኔ ግን ሰው የማይኖርበት ክፍል ይዤ ልቀመጥ አልችልም። ገበያ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ። ቅዳሜ አምጥቼ ክፍሉን አሳያቸዋለሁ። እስከዚያ እርስዎ ቤትዎን ቤት ካላደረጉት፣ ለእሳቸው እሰጠዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ቦጋለች የሰሙትን ተረድተውታል። ክፍሉ ከሄደ የሚሄዱበት የላቸውም፤ ይህንንም ያውቃሉ። "የት እሄድልሃለሁ?" ማለት ነበረባቸው። አፋቸው ግን "እሺ" አለ፤ ያ ብቻ ነው የወጣው።

መሰረት አቶ ዕዝራ ዞር እንዳሉ ሮጣ መጣች።

"እማማ፣ በእናትዎ! ላስቲኩን ልቅደድልዎትና አንድ ቀን ይተኙበት። ለታይታ ብቻ!"

"ተይው፣ ልጄ።"

"ካስወጡዎት የት ይሄዳሉ?"

"ሰው የሆነ ቦታ ይሄዳል።"

"የሆነ ቦታ የሚባል ቦታ የለም!" አለች መሰረት፤ ድምፅዋ ተሰበረና ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። ቦጋለች እሷ ስታለቅስ አዩ። በአየር ላይ የሚያልፍ ወፍ እንደሚያይ ሰው አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ደጁ መለሱ።

ኛፑዎክ ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት የራሳቸውን ጄሪካን፣ የራሳቸውን ድስት፣ የራሳቸውን ጫማ እየተሸከሙ የቦጋለች ክፍል ውስጥ ደረደሩት። ሲጨርሱ ቆመው አዩት፣ አልበቃቸውም፤ ሄደው የደረቀ ዓሣ አመጡና መስኮቱ ላይ ሰቀሉት።

"አሁን ቤት ሞላ" አሉ። "ዕዝራ ይመጣል፣ ያያል፣ 'አይ! እዚህ ሰው ይኖራል' ይላል።"

አቶ ዕዝራ መጡ። በሩን እንደከፈቱት አፍንጫቸውን ያዙ።

"ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ዓሣ!" አሉ ኛፑዎክ በኩራት። "የቦጋለች ዓሣ። ቦጋለች ዓሣ በጣም ይወዳል።"

አቶ ዕዝራ አንገታቸውን ወደ ውጭ አወጡ። "እማማ ቦጋለች፣ ዓሣ ይወዳሉ?"

"አልወድም" አሉ ቦጋለች ከኒሙ ሥር። "ጾምም ነው።"

"አንተ ሰው አይደለህም!" አሉ ኛፑዎክ፤ ዓሣቸውን ነጥቀው ወጡ።

ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ አባ መሐመድ ናቸው። መሬቱን በዱላቸው እየነኩ ገቡ፣ አልጋውን ዳሰሱ፣ ላስቲኩን ጨበጥ ሲያደርጉት ተንኮሻኮሸ።

"አዲስ ነው" አሉ። "ማን ነበረበት?"

"አንዲት እናት ናቸው፤ ደጅ አሉ" አሉ አቶ ዕዝራ።

"እንግዲያው ሰላም ልበላት። ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቷን ሳያናግሩ መውጣት ነውር ነው።"

መሰረት ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

"እንደምን አለሽ፣ እህቴ? ማን ልበል?"

"ቦጋለች።"

"ከየት?"

ቦጋለች ቁጥሩን ነገሯቸው፤ የመንደራቸውን።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። "እኔም እኮ ከዚያው ማዶ ነኝ! የእንየው ቦጋለች ነሽ? ግድቡ ላይ አብሮኝ ድንጋይ የተሸከመው እንየው? መሐመድ ነኝ እኮ! ይኸው ዓይኔ ጠፋና ከሰውም ጠፋሁ። እንየውስ? ደኅና ነው?"

"ሞተ" አሉ ቦጋለች። ቃሉን ራሳቸው ሲያወጡት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ ሰው ነበር የሚለው። ምንም አልሆኑም። ቃሉ እንደ ማንኛውም ቃል ወጣ።

አባ መሐመድ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጸሎታቸውን አደረሱ። ከዚያ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

"ድምፅሽ ከታች ነው የሚመጣው። መሬት ላይ ነሽ?"

"አዎ።"

"ከል ለብሰሻል?"

"ለብሻለሁ።"

"መቼ ነው የሞተ?"

"ሐምሌ።"

"ታዲያ እስካሁን አላነሱሽም?"

አባ መሐመድ መልስ ሳይጠብቁ፣ አቶ ዕዝራ ያሉበት መስሏቸው ወደ ኛፑዎክ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተ ለቅሶ ቤት ነው ያመጣኸኝ። ይህቺ ሴት እኮ ሐዘን ላይ ናት።"

"እኔ ዕዝራ አይደለሁም" አሉ ኛፑዎክ።

"አባቴ፣ እዚህ ነኝ" አሉ አቶ ዕዝራ። "ከሞቱ እኮ ቆዩ፤ ሐዘኑ እስካሁን..."

"ቢቆይስ? የኛዋ ሴት ጊዜዋ ሲሞላ ዒዳዋን ጨርሳ ትነሳለች። ክርስቲያኗ ግን ሰው ካላነሳት አትነሳም። አብረን ነው ያደግነው፣ ስንት ለቅሶ አብረን ተቀምጠናል! አልጋ ያልተኛችው ቤቱን ጠልታ አይደለም፤ ስላልተፈቀደላት ነው። እኔ የሐዘንተኛ ቤት አልወርስም። በረንዳዬ ይሻለኛል።"

ኛፑዎክ ግን አልተዋጠላቸውም።

"ሐዘን? ራሱ ተላጭቷል እኮ!"

"ሲጀመር ነው የሚላጨው" አሉ አባ መሐመድ።

"ሲጀመር? እኛ ሲያልቅ ነው!" ኛፑዎክ ቦጋለችን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ረጅም እግራቸውን አጣጥፈው አጠገባቸው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። "ቦጋለች፣ አንተ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ሰነፍ ነው ብዬ ሰድቤሃለሁ።"

"ይነገራል እንዴ" አሉ ቦጋለች።

"ታዲያ ማን ነው የሚያነሳቸው?" አሉ አቶ ዕዝራ ግራ ተጋብተው። "እኔ ላንሳቸው?"

"አንተ ማን ነህና?" አሉ አባ መሐመድ እየሳቁ። "ዕድሯ ነህ? ሴት ነህ? የአቦቦ ሴቶች ናቸው የሚያነሷት። አልማዜን ጥሩ። የአቦቦ መኪና ሾፌር ሁሉ ስልኳን ያውቃል፤ ሰሊጥ የምትጭን እሷ አይደለች?"

መሰረት መናኸሪያ ሄዳ የስልክ ቁጥሩን ይዛ ለመመለስና ለመደወል ጊዜ አልወሰደባትም። የዕድሩ ሰብሳቢ አልማዜ ገና "ቦጋለች" የሚለውን ስም እንደሰሙ ጮኹ።

"ኧረ እኛ እሷን ስንጠብቅ ነው የከረምነው! ከተማ ቤተ ዘመድ አግኝታ ረሳችን ብለን አምተናታል እኮ፣ አፈር በበላሁ!"

"መምጣት ትችላላችሁ?" አለች መሰረት።

"መንገዱ ሰሞኑን አላማረም፤ መኪናው ቆሟል። ግን ስሚኝ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ እዚህ ይሰበሰባሉ። በስልክ እናነሳታለን።"

"በስልክ ይነሳል እንዴ?"

"የአረብ አገር ልጆች ሰርግ በስልክ ስናጨበጭብ አይደል የምንውለው? ሐዘን ምን በደለ! ቃሉን እኛ እንላለን፤ እጁን ግን እዚያው ፈልጊ። የሚጎትት ሰው አለ?"

መሰረት ኛፑዎክን አየች። "አንዲት የኑዌር እናት አሉ።"

"ጠንካራ ናት?"

"በጣም።"

"በቃ፣ እሷ ትሆነናለች።"

እሑድ አባ መሐመድ ከማንም ቀድመው መጡ። አቶ ዕዝራም መጡ፤ የሴቶች ነገር ነው ተብለው ራቅ ብለው ቆሙ። መሰረት ስልኩን ድምፁን ከፍታ አግዳሚው ላይ አኖረችው። ከአቦቦ በኩል የሴቶች ጉርምርምታ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የዶሮ ጩኸት ተሰማ። ኛፑዎክ የቦጋለችን እግር ሳፋ ውስጥ ነክረው አጠቡ። የተቃጠለውን ሲያገኙት እጃቸው ቀስ አለ።

"ቦጋለች፣ ትሰሚኛለሽ?" አለ ስልኩ በአልማዜ ድምፅ።

"እሰማሻለሁ።"

"ጥፋቱ የኛ ነው። እግዜር ነፍሱን ይማር፣ አፈሩን ያቅልለት። በቃሽ። ተነሽ።"

"አልነሳም" አሉ ቦጋለች፣ እንደ ወጉ።

ኛፑዎክ የያዙትን እጅ ለቀቁት። "አልነሳም አለ" አሉ ወደ ስልኩ፣ ደንግጠው። "እንተው?"

"ኧረ ጎትቻት!" ጮኹ ከአቦቦ ያሉት ሴቶች ሁሉ ባንድ ድምፅ። "እንደዚያ ነው የሚባለው! ጎትቻት!"

"አህ!" አሉ ኛፑዎክ፤ ገባቸው። ሁለቱንም እጅ አፈፍ አደረጉ።

"ተነሽ፣ ቦጋለች።"

"ተዉኝ" ብለው ቦጋለች ሁለተኛውን እምቢታ ሳይጨርሱ፣ ኛፑዎክ ስበው አቆሟቸው። ሦስተኛው "ተነሽ" ሊባል ገና ነበር። ሻሻቸው ወለቀና ወደቀ።

"ተነሳች?" አለ ስልኩ።

"ተነሳ!" አሉ ኛፑዎክ።

"ኧረ ገና አንድ ይቀረን ነበር!"

"ቀላል ነው" አሉ ኛፑዎክ። "ሰውዬው ክብደት የለውም።"

ከወዲያ ሴቶቹ ሲስቁም ሲያለቅሱም ተሰማ። ከወዲህ ቦጋለች ቆመዋል። ስነሳ አንድ ነገር ይሰበራል፣ እንባ ይመጣል ብለው አስበው ነበር። የተሰማቸው የጉልበታቸው ቋ ማለት ብቻ ነው። የሴቶቹን ልቅሶ ለእንየው መሆኑን እያወቁ አዳመጡት፤ ደግ ሴቶች ናቸው አሉ በሆዳቸው፣ ስለማያውቁት ሰው ለቅሶ እንደሚባለው።

መሰረት ጆንያውን ፈታች፤ ውስጡ አበባ ያለበት አንድ አረንጓዴ ቀሚስ አገኘች፣ አለበሰቻቸው። የፍራሹን ላስቲክ ኛፑዎክ በጥርሳቸው ጀምረው በእጃቸው ቀደዱት። ቦጋለች አልጋው ላይ ተቀመጡ። አቶ ዕዝራ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሳላውቅ ነው፣ እማማ። ክፍሉ የእርስዎ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅዎትም።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

አባ መሐመድ ዱላቸውን ፈለጉ። "እኔ እንግዲህ ወደ በረንዳዬ። ተራዬ ሲደርስ ትጠሩኛላችሁ።"

"ተራ ማለት አንዳችን ስንሞት ነው" አሉ ኛፑዎክ። "እኔን አትጠብቅ። እኔ ገና ነኝ!"

ሁሉም ሳቁ፤ ሽማግሌው ከሁሉ በላይ። ቦጋለች አልሳቁም። ዱላው እየራቀ፣ በሩን እየወጣ፣ አስፋልቱ ላይ እየተንኳኳ ሲሄድ ሰሙ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ "ቀለለዎት?" ይላቸዋል። "ተመስገን" ይላሉ። አልቀለላቸውም፤ አልከበዳቸውምም። አልጋው ላይ ተኝተዋል፤ ለስላሳ መሆኑን ጀርባቸው አልነገራቸውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመሬቱ የተለየ አልሆነባቸውም። አንድ ነገር ብቻ አልሄድ አላቸው። ከጠዋት ጀምሮ ራሳቸው ውስጥ ያ ዱላ ይንኳኳል። ወሬ ሁሉ ገብቶ በሚወጣበት ራስ ይሄኛው ገብቶ ቀረ።

ምሳ ሲመጣ ሽሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"መሰረት።"

"አቤት፣ እማማ?" መሰረት ገረማት፤ እሳቸው ጠርተዋት አያውቁም።

"ያ ሰውዬ ምሳውን የት ነው የሚበላው?"

"አባ መሐመድ? እንጃ፣ እማማ። ገበያው አካባቢ የሚሰጣቸው ሰው ይኖራል።"

"እንጃ አይባልም" አሉ ቦጋለች። "ክፍል የለም ተባለ፣ ይሁን። ድስት ግን አለ። ሽሮ ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም ይበላዋል። ሂጂና ጠይቂልኝ።"

መሰረት ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ አቶ ዕዝራ ቢሮ ሄደች። እማማ ቦጋለች ሳህናቸውን ከዝንብ ከድነው፣ እስክትመለስ ጠበቁ።